ሐይቅ እጅ የለውም

ከሐዋሳ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ዓሳው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሰው ሐዋሳ ሄደ ከተባለ ዓሳ በልቶ፣ ሐይቅ ዳር ፎቶ ተነሥቶ፣ ፊቱ ጠቁሮ መምጣት አለበት። ዓሳ በልቻለሁ፤ ፊቴም ጠቁሯል። ፎቶ ግን አልተነሣሁም። ለምን እንዳልተነሣሁ ለማስረዳት ጉዞውን ከመጀመሪያው መተረክ ሊኖርብኝ ነው፤ ይህ ደግሞ በመሥሪያ ቤት ክበብ ሻይ እስኪቀዘቅዝ የሚያልቅ ወሬ አይደለም። ስለዚህ ጻፍኩት። የሰዎቹን ስም ቀይሬአለሁ፤ እነሱን ለይቶ ሊያሳውቅ የሚችለውንም ሁሉ እንደዚሁ።

እኔ የስታትስቲክስ መምህርት ነኝ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የያዘኝ አባዜ ደግሞ የአገሮችን የወንጀል ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ነው። የት አገር ስንት ተሰረቀ፣ ስንት ተደበደበ፣ ስንት ሰው ተገደለ፣ ስንቱ ታሰረ። ባልደረቦቼ "የሺእመቤት የሰው መከራ ቆጣሪ" እያሉ ያሾፉብኛል። ሐዋሳ የሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ጉዳይ ዐውደ ጥናት ሲያዘጋጅ ጽሑፍ አቅርቢ ተባልኩና ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። የጽሑፌ ጭብጥ ባጭሩ ይህ ነበር፦ የሌብነት ቁጥር ይዋሻል፣ የድብደባ ቁጥር ይዋሻል፣ የግድያ ቁጥር ግን አይዋሽም፤ ምክንያቱም ሬሳ አይደበቅም። አገርን ከአገር ማወዳደር ካማረህ በሱ አወዳድር። በዚህ ዐረፍተ ነገር በጣም እኮራ ነበር።

ሰኞ

ከደብረ ብርሃን የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ሰዓት ነው። ሹራብ ላይ ካፖርት፣ ካፖርት ላይ ጋቢ ደርቤአለሁ። አዲስ አበባ ስደርስ ጋቢውን አወለቅኩ፣ ሞጆ ላይ ካፖርቱን፣ ዝዋይ ላይ ሹራቡን፤ ሐዋሳ የገባሁት የልብስ ነጋዴ መስዬ ነው። የደጋ ሰው ወደ ቆላ ሲወርድ ሁሌም እንዲህ ነው፤ ሙቀት የሚባል ነገር መኖሩን የሚያምነው ላቡ ሲወርድ ነው።

አዲስ አበባ መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡስ ስቀይር አንድ ጨዋ መሳይ ጎልማሳ "እናቴ፣ ሻንጣውን ላግዝዎ" አለኝ። አገዘኝ። አውቶቡሱ በር ላይ በክብር አስረክቦኝ "መልካም መንገድ" ብሎ ተሰናበተኝ። ስልኬም አብሮት ሄደ። መሰረቄን ያወቅሁት ወንበሬ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ከፊቴ የነበሩት ሽማግሌ "ወርደሽ ለፖሊስ አመልክቺ" አሉኝ፤ ረዳቱ ግን "ከወረዱ ቦታዎን አልይዝልዎትም" አለ። አልወረድኩም። ስለዚህ ያ ስልክ በየትኛውም አገር የሌብነት ቁጥር ውስጥ የለም። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው ጽሑፍ፣ ሁለተኛው ገጹ ላይ፣ ዜጎች የደረሰባቸውን ወንጀል አለማመልከታቸውን አጥብቆ ይወቅስ ነበር።

አጠገቤ የተቀመጠችው ጥቁር የለበሰች ሴት ሳልጠይቃት ስልኳን ዘረጋችልኝ። "ይደውሉ፣ እትዬ። ካርድ አለው" አለችኝ። የምደውልላቸው የዐውደ ጥናቱ ሰዎች ቁጥር ያለው ግን በተሰረቀው ስልኬ ውስጥ ነው። ሁለታችንም ይህን ስንረዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ማርታ ትባላለች፤ የሐዋሳ ሰው ናት፣ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። አማርኛዋ በሲዳምኛ ላይ የተማረችው ስለሆነ ዐረፍተ ነገሯ አጭርና ቁርጥ ያለ ነው። እኛ የሸዋ ሰዎች ደህና አደርክ ለማለት ስንዞር፣ እሷ ሄዳ ተመልሳለች።

የክፍያው መንገድ ለጥ ያለ ነው። ጣርማ በርን እየተጠማዘዘ የሚወርድ ሰው እንዲህ ያለ መንገድ ሲያይ ሾፌሩ የተኛ ይመስለዋል። ዝዋይ ለምሳ ወረድንና ዓሳ ጥብስ አዘዝኩ፤ ለእሷም ላዝ ስል "እኔ ዓሳ ትቻለሁ" አለችና ደረቅ ዳቦ በሻይ በላች። ጨጓራ መስሎኝ ስለ ተልባ ጥቅም ሻሸመኔ እስክንደርስ መከርኳት። በትዕግሥት ሰማችኝ።

ሐዋሳ ስንገባ ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ አዘንብላ ነበር። ክፍል የተያዘልኝ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች ባንዱ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ስሜን አይታ ከንፈሯን ነከሰች። "ብንደውል ብንደውል ስልክዎ ዝግ ነው፤ ቀሩ ብለን ለሌላ ሰው ሰጠነው።" ሌላውም ሆቴል ሙሉ ነበር። ጋቢዬን፣ ካፖርቴንና ሹራቤን ታቅፌ ስወጣ ማርታ በሩ ላይ፣ የልጇ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣ አየኋት። አልሄደችም፤ የእኔን ነገር ጠርጥራ እየጠበቀችኝ ነበር።

"ቤቴ ቱላ ነው" አለች። "ሩቅ ነው። ግን አልጋ አለ።"

ባጃጁን የሚነዳው እዮብ ሻንጣዬን ተቀበለኝ። ሃያዎቹን ያጋመሰ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ቃል የማይወጣው ልጅ ነው። በአንድ ቀን ሁለት ሰው ሻንጣዬን ያዘልኝ፤ የመጀመሪያው ከሁለተኛው ይልቅ ፈገግተኛ ነበር።

ማክሰኞ

ቱላ ከተማውም ገጠሩም ነው። ከአጥሩ ወዲያ እንሰት፣ ከአጥሩ ወዲህ የቆርቆሮ ቤት፤ ጠዋት በአንድ ጊዜ ዶሮም መዝሙርም ይቀሰቅሳል። የማርታ ባል አቶ ዱካሞ በረንዳው ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ዘርግተው አገኘኋቸው። ተነሥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝና "ጌታ በሰላም ስላመጣሽ ይመስገን" አሉኝ። ቁርስ ቡርሳሜ ነበር፤ ቆጮን በቅቤ አሽተው የሚሠሩት፣ ከእርጎ ጋር የሚበላ ምግብ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ እንግዳ የሚከበረው "ብይ፣ በሞቴ" እየተባለ ነው። እዚህ በሞቴ የሚል የለም፤ ሳህኑ ሲጎድል ዝም ብለው ይሞሉታል።

እየበላን ሳለ አንዲት የሩቅ ዘመድ ሊጠይቁ መጡ። ትናንት የተኛሁበትን ክፍል አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል፣ "ያ ሐይቁ የወሰደው ልጅ ክፍል አይደለም?" አሉ።

ማርታ የእርጎውን ማሰሮ አስቀመጠች። "ሐይቅ እጅ የለውም" አለች።

ሴትዮዋ ቶሎ ተሰናበቱ። አቶ ዱካሞም መጽሐፋቸውን አጥፈው ወደ ጓሮ ሄዱ። ማርታ ታሪኩን የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው፤ ቆማ፣ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች። በረከት የመጀመሪያ ልጇ ነበር። ቡሹሎ፣ እናቷ ዘንድ፣ ሐይቁ አፍ ላይ ነው ያደገው፤ ሳይራመድ ዋኝቷል ይሉ ነበር። ሐይቅ ዳር ለእንግዶች ፎቶ እያነሣ ይኖር ነበር። አንድ እሑድ ከጓደኞቹ ጋር በጀልባ ገባ፤ ጓደኞቹ ሲመለሱ እሱ የለም። "ወድቆ ሰጠመ" አሉ። ካሜራውም አልተመለሰም። ሬሳው በማግስቱ ሲወጣ ማጅራቱ ላይ ቁስል ነበረው። ፖሊስ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ እንዲላክ ጠየቀ፤ አቶ ዱካሞ "ልጄ አይቀደድም" አሉ። ሰው ሁሉ ደገፋቸው። ያን ዕለት ተቀበረ።

"አዲስ አበባ ለዚህ ነበር የሄድኩት" አለችኝ። "የተቀበረ ሰው ይመረመራል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ይመረመራል አሉኝ፤ ጣቢያው ፍርድ ቤት ካስፈቀደ። ግን ቤተሰቡ በአንድ ቃል ይምጣ አሉ። በአንድ ቃል።" ጓሮውን በዓይኗ አሳየችኝ።

ዓሳ የተወችበትን ምክንያት አሁን ገባኝ። ስለ ተልባ ያወራሁትን ሳስብ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ወደ ዩኒቨርሲቲው ስሄድ በባጃጁ ውስጥ የማስበው ስለ ራሳችን ወንዝ ነበር። የደብረ ብርሃን ወንዝ ስሙ በሬሳ ነው፤ እንግዳ ሲሰማ ይደነግጣል፣ እኛ ግን ለምደነዋል። ክረምት ሲሞላ አልፎ አልፎ ሰው ይዞ ይሄዳል። "እገሌን በሬሳ ወሰደው" እንላለን፤ ለቅሶ እንቀመጣለን፤ ወንዙን ማን አብሮት ተሻገረ ብሎ የሚጠይቅ ግን ሰምቼ አላውቅም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ከወሰደ በኋላም ማንንም አያስጠይቅም።

አዳራሹ በተማሪና በመምህር ሞልቷል፤ ከትግራይ እስከ ቦረና የሁሉም አገር ዘዬ ይሰማል። የመጀመሪያው አቅራቢ ጎበዝ ነበር። አንድ አገር የብስክሌት ስርቆት ሳይቀር ይመዘግባል አለ፤ ሌላው ስርቆት የሚለው ሌባው ሲያዝ ብቻ ነው፤ ሌባው ካመለጠ ነገሩ አልተፈጸመም። አንዱ ዘንድ ባል ሚስቱን ደጋግሞ ቢመታ እያንዳንዱ ለየራሱ ይቆጠራል፤ ሌላው ዘንድ ሁሉም አንድ ነው፤ ሌላው ዘንድ የቤት ገመና ነው ተብሎ ጭራሽ አይጻፍም። እስረኛ ሲቆጠርም አንዱ የተፈረደበትን ብቻ ይዞ ቀጠሮ ጠባቂውን ይተወዋል። ይህን ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ደርድሮ "እገሌ አገር ከእገሌ ይብሳል" ማለት ጤፍን በኪሎ፣ በርበሬን በጣሳ ለክቶ ማን በለጠ እንደ ማለት ነው። ደግሞም ሕዝብ ፖሊሱን ባመነ ቁጥር ጣቢያ ይሄዳል፤ ጣቢያ በሄደ ቁጥር አገሩ የወንጀለኛ አገር ይመስላል። ሰው ሆድ ይፍጀው የሚልበት አገር ግን ወረቀት ላይ ገነት ነው። አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። በሻይ ሰዓት አቅራቢውን አግኝቼ "የኔ ከእርስዎ ይለያል፤ እኔ የማይዋሸውን ይዤ መጥቻለሁ" አልኩት። ሰውየው በትሕትና "እሱን ለመስማት ጓጉተናል" አለኝ።

ረቡዕ

የፆም ቀን መሆኑን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ጴንጤ ቤት ነው ያረፍኩት፤ የቀረበልኝን በልቼ ንስሐ አባቴ ሲገሥጹኝ እሰማለሁ ብዬ ቆርጫለሁ። ጠዋት ግን ማርታ "እናንተ ዛሬ ትጾማላችሁ አይደል? ማታ ሽሮና ጎመን እሠራለሁ፤ ቅቤ የነካውን ድስት ለብቻው አድርጌዋለሁ" አለችኝ። ደብረ ብርሃን ጴንጤ እንግዳ ቢመጣብኝ እንዲህ ስለ ድስቱ አስብለት እንደሁ ራሴን ጠየቅሁት። መልሱን ለራሴ ልተወው።

በሻይ ዕረፍት ከአንድ ኢንስፔክተር ጋር ተቀመጥኩ። ከሌላ ክልል የመጣ፣ የወንጀል መረጃ ክፍል ሰው ነው፤ ሳምቡሳ የሚወድ፣ ደግ ፊት ያለው። ማንንም ሳልጠቅስ ጠየቅሁት።

"ውሃ ውስጥ የተገኘ ሬሳ እናንተ ዘንድ የት ይጻፋል?"

"እንደ ሁኔታው ነው፣ መምህርት። የሐኪም ምርመራ ግድያ ነው ካለ የግድያ መዝገብ ይከፈታል።"

"ቤተሰቡ አይመርመርብኝ ካለስ?"

ሳምቡሳውን አስቀመጠ። "ምን እናድርግ ይላሉ? ጩኸት ነው፣ ለቅሶ ነው፣ ሽማግሌ ይመጣል። ሬሳው ይሰጣቸዋል። ድንገተኛ ሞት ተብሎ ይጻፋል።"

"ስለዚህ ግድያው ውስጥ አይቆጠርም።"

"ይቆጠራል እንጂ፤ ከዛፍ ከወደቀና መብረቅ ከመታው ጋር ነው የሚቆጠረው" አለና በገዛ አነጋገሩ አዘነ። "ብዙ ነው፣ መምህርት። እኔ የማውቀው እንኳ ብዙ ነው።"

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ገለጻዎች አልሰማኋቸውም። አንዳንድ አገር ውሃ ውስጥ የተገኘ ሰው ሁሉ በሕግ ግዴታ ይመረመራል፤ የሚወስነው ሐኪም ነው፣ አባት አይጠየቅም። ሌላ አገር ደግሞ "ምክንያቱ ያልተለየ" የሚል ራሱን የቻለ ዓምድ አለ። እኔ እነዚህን ሁሉ ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ ሬሳ አይደበቅም ብዬ፣ በሐምራዊ ቀለም አስውቤ ነው የመጣሁት። ንዴቴ በማን ላይ እንደሆነ ማወቅ አቃተኝ።

እዮብ ሊወስደኝ ሲመጣ መንገዱ በሐይቁ ዳር አለፈ። አባ ኮዳ የሚሏቸው ትልልቅ ወፎች የዓሳ ትርፍራፊ ይጠብቃሉ፤ ፍቅረኞች ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ ካሜራ ያንጠለጠሉ ልጆች "ፎቶ፣ ማዘር?" እያሉ ወደ ባጃጁ ጎንበስ አሉ። እዮብ ፍጥነት ጨምሮ አለፋቸው። "ከነዚህ አንዱ ያውቃል" አለኝ፤ በሦስት ቀን ውስጥ የነገረኝ የመጀመሪያው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። "ሁሉም ያውቃሉ። ማን መጀመሪያ አፉን እንደሚከፍት ነው የምጠብቀው።" መሪውን የያዘበት እጁ ጅማቱ ተገትሮ ነበር። ከበሬሳ ዳር ያደግሁ ሴት ነኝ፣ ውሃ አያስፈራኝም፤ ያን ጊዜ ግን ፈራሁ።

ማታ ሽሮውን አቀረበችልኝና ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች። "እትዬ የሺ፣ እርስዎ የሚቆጥሩት ውስጥ በረከት የት ነው ያለው?"

"የተገደሉት ውስጥ የለም" አልኳት።

"የትም የለም?"

"አለ። ድንገተኛ ሞት የሚባል ውስጥ አለ።"

ማርታ ቃሉን በሲዳምኛ ለራሷ ተረጎመችው መሰለኝ፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። "እዚያ አላስቀመጥኩትም" አለች። "ከዚያ ያውጡልኝ።"

ሐሙስ

ከሰዓት በኋላ ተሳታፊዎች በጀልባ ሐይቁን እንዲጎበኙ ተዘጋጅቶ ነበር። ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ቱላ ስደርስ ሽማግሌዎች ጓሮው ውስጥ፣ ከእንሰቱ ጥግ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ያስጠራቻቸው ማርታ ናት። ባሏን በአንድ ቃል ማምጣት ያቃታት ሴት የመጨረሻ መንገዷ ይህ ነበር።

የሲዳማ ሽማግሌ ነገር ሲይዝ መጀመሪያ የሚወጣው ቃል "አፊኒ" ነው። ሰማችሁ ወይ ማለት ነው። ዛፉ ሥር ያለው ሁሉ ሰምቻለሁ እስኪል ነገሩ ወደፊት አይሄድም፤ አልሰማሁም የሚል አንድ ሰው ካለ ከመጀመሪያው ይነገራል። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲቀመጥ ሁሉም አውቆ የመጣ ነው፣ መስማት የሚፈልግ ጥቂት ነው። እዚህ ግን አንዱ ሲናገር ሌላው ትንፋሹን እንኳ ይቆጥባል። ከሴቶቹ ጋር ወደ ዳር ተቀመጥኩ፤ አንዲት ጎረቤት በጆሮዬ ትተረጉምልኛለች። እዮብ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል።

ማርታ ተናገረች። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩና በአማርኛ፣ "እንግዳዋ፣ አንቺ የብዙ አገር ሕግ ታውቂያለሽ ብላናለች። ይህ ልጅ ሌላ አገር ቢሞት ምን ይደረግ ነበር?" አሉኝ።

ተነሥቼ የማውቀውን ነገርኳቸው። ሐኪም እንደሚመረምረው፣ ቤተሰብ እንደማይጠየቅ፣ ከዚያ በኋላ ሞቱ ስሙን እንደሚያገኝ። አፊኒ ተባለ፤ ሰምተናል አሉ።

አቶ ዱካሞ ኮፍያቸውን አወለቁ። በሲዳምኛ ጀምረው ነበር፤ ቆም አሉና እኔን አይተው ወደ አማርኛ መለሱት።

"እህቴ፣ እዚያ አገር ልጅ ሲሞት የመንግሥት ይሆናል ማለት ነው። ጥሩ ነው። አባት አይፈተንም። እዚህ ግን እኔን ጠየቁኝ። ሰው፣ ዱካሞ አልገባውም ይላል። ሚስቴም እንደዚያ ትላለች። እኔ ልጄን በእጄ አጥቤአለሁ። ቁስሉን ጣቴ ነክቶታል። ጀልባው ላይ ማን እንደነበረ አውቃለሁ፤ የማን ልጅ እንደሆነም አውቃለሁ። ሰው ገደለው ብዬ አፌን ብከፍት በማግስቱ ያ ይነሣል።" ወደ አጥሩ፣ ወደ እዮብ፣ ሳያዩ ጠቆሙ። "እሱ ከተነሣ ከዚያ ወገን ሌላው ይነሣል። ሐይቅ ግን አባት የለው፣ ወንድም የለው። ማንም ተነሥቶ ሐይቅ አይወጋም። 'ሐይቁ ወሰደው' ብዬ መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ። አውቄ ነው የተናገርኩት።"

አፊኒ የሚል ጠፋ። የምትተረጉምልኝ ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። ማርታ ባሏን ታያቸዋለች፤ ይህን ከአፋቸው ስትሰማ የመጀመሪያዋ መሆኑን ከፊቷ አወቅሁ። እኔ ሬሳ አይደበቅም እያልኩ ስኮራ፣ ይህ ሰው ልጁን በአገር ሁሉ ፊት፣ በመዝሙር፣ በጸሎት ቀብሮ ደብቆታል። የቀበረው አንዱን ልጅ ነው፤ የደበቀው ሌላውን።

ሽማግሌዎቹ አልፈረዱም። ነገሩ ለሌላ ቀን ይደር ብለው ተነሡ። እዮብ ከሁሉም ቀድሞ ወጥቶ ነበር።

ዓርብ

ጠዋት ማርታ ለብሳ ጠበቀችኝ። "ጣቢያ ልሄድ ነው። አብረሽኝ ትሄጃለሽ?" አንቺ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። አልከፋኝም፤ እንዲያውም እህት የተባልኩ ያህል ተሰማኝ። ጽሑፌን የማቀርበው ረፋዱ ላይ ስለነበር እሺ አልኩ። አቶ ዱካሞ በረንዳው ላይ ሆነው ስንወጣ አዩን፤ አልከለከሉም።

ወደ ጣቢያው የወሰደን እዮብ ነው። ትናንት ከሄደ በኋላ የት እንዳደረ አልተናገረም፤ ዓይኑ ቀልቷል። በሩ ጋ ስንደርስ ማርታ ወረደች፣ እኔም ወረድኩ። እዮብም ባጃጁን አጥፍቶ ወረደ።

"አንተ እዚሁ ጠብቀን" አለችው።

"እገባለሁ" አለ። "እማዬ፣ አንቺ ስሙን ብቻ ጥሪላቸው። እኔም ልስማው። ሌላውን ለኔ ተዪው።"

የተናገረው በለሆሳስ ነው። ልጅ ለእናቱ ዘንቢል ልያዝልሽ ሲል እንደሚናገረው ያለ ድምፅ ነበር። ማርታ አየችው። ከእግር እስከ ራሱ፣ ቀስ ብላ፣ ልብስ ሊገዙለት እንደሚለኩት አድርጋ አየችው። ከውስጥ አንድ ፖሊስ ብቅ ብሎ "ምን ነበር፣ እናቴ?" አላት።

"ምንም" አለች። "መንገድ ተሳስተን ነው።"

ተመልሳ ባጃጁ ውስጥ ገባች። እዮብ አንድ ጊዜ ጣቢያውን፣ አንድ ጊዜ እናቱን አየና አስነሣው። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ አቆመ። ስወርድ እጄን ያዘችኝ። እጇ ይቀዘቅዝ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሙቀት።

"አንዱ እንዲቆጠር ብዬ ሁለተኛውን አልሰጥም" አለችኝ። "እዚያ ውስጥ ፖሊሶች አሉ ብለሽኛል። እነሱ ፊት ስሙን እንዳታነሺ። ታሪኩንም እንዳታነሺ። ማይልኝ።"

ማልኩላት። በስመ አብ ብዬ እንደ ራሴ ወግ ማልኩ፤ እሷም "አሜን" አለች። ያንን ቃል ስትለኝ እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም፤ አዳራሽ የገባሁት ፊቴን በነጠላዬ ጫፍ እየጠረግሁ ነው።

ሠንጠረዤ ግድግዳው ላይ በራ። አገሮቹ ተሰልፈዋል፤ ሐምራዊው መስመር የግድያ ነው። ስለ ሌብነት ተናገርኩ፣ ስለ ድብደባ ተናገርኩ። ያ የምኮራበት ዐረፍተ ነገር ላይ ስደርስ አፌ እምቢ አለ።

"ይህን መስመር አትመኑት" አልኩ።

ሰብሳቢው መነጽሩን አስተካከለ። "መምህርት፣ በላኩልን ጽሑፍ ላይ የሚታመነው ብቸኛው ቁጥር ይህ ነው ይላል።"

"ይላል። ተሳስቻለሁ። የኛ አገር ከዚህ ይበልጣል።"

"በምን ያህል?"

"አላውቅም።"

"ማስረጃዎ ምንድን ነው?"

ኢንስፔክተሩ ከፊት ረድፍ ተቀምጦ ያየኛል። የጠየቅሁት ትዝ ብሎታል፤ አንገቱን ወደ ወለሉ ደፋ። ተማሪዎቼን ስገሥጽ ዕድሜዬን የፈጀሁበት ጥያቄ ነው የተጠየቅሁት።

"ማስረጃ የለኝም" አልኩና ተቀመጥኩ።

ሰብሳቢው አመስግኖኝ ቀጣዩን አቅራቢ ጠራ። ኮምፒውተሩ እስኪቀየር ድረስ የኔ ሠንጠረዥ ግድግዳው ላይ ቆየ። ከአገራችን ስም ትይዩ ያለው ሐምራዊ መስመር አጭር ነው፤ ከስንት የታወቀ አገር ያጥራል። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ወጣት መምህር ያዘነልኝ ይመስለኛል፣ ሊያጽናናኝ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

"እትዬ፣ ቢሳሳት እንኳ ትንሽ ነው የሚሳሳተው። ከብዙዎቹ እንሻላለን ማለት እኮ ነው" አለኝ። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ የእውነት ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ በበረከት አልጋ ላይ ያደርኩ ሰው፣ ዞሬ አየሁትና፣ "አዎ፣ ልጄ፤ እንሻላለን" አልኩት።